ጋሼ፣ ወጋሁት፤ ደሙ ግን ጠፋኝ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። አራት ኪሎ ውሻው እንኳን የተኛበት ሰዓት ነው። ቨርጂኒያ ያለው የእህቴ ልጅ ነው፤ እዚያ ገና ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። ቀስት ይዞ አጋዘን ሊያድን ጫካ ወጥቷል፤ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። «ጋሼ፣ ወጋሁት፤ ደሙ ግን ጠፋኝ።»

እኔም በመጀመሪያ የጠየቅኩት «ፍላጻው ጫፍ ላይ ምን ገጥመህ ነው የወጣኸው?» ብዬ ነው። ምላጩ ሲመታ የሚከፈት፣ ሁለት ኢንች የሚሰፋ ሜካኒካል ነው አለኝ። ሱቅ ውስጥ ያለው ሰውዬ ምርጡ ይሄ ነው ብሎት፣ ማሸጊያውም አምሮ። ቀስቱስ? ከጓደኛው የተዋሰው፣ ለመሳብ የሚጠይቀው ጉልበት 45 ፓውንድ ብቻ። በቃ፣ ነገሩ ገባኝ።

ወደ አገሬ ከመመለሴ በፊት እዚያው ቨርጂኒያ 19 ዓመት ኖሬያለሁ። 11 መኸር ያህል በቀስት አድኛለሁ። አሁን ማኪያቶዬን እየጠጣሁ አራት ኪሎ ተቀምጫለሁ፤ ግን እንቁጣጣሽ ባለፈ ቁጥር የቀስት አደን በየግዛቱ ይከፈትና ልጆቹ ይደውላሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው። ብሮድሄድ፣ ማለትም ባለ ምላጩን የፍላጻ ጫፍ፣ የቱን ልግዛ?

ለንደንና ጀርመን ያላችሁ፣ ይሄ ለእናንተ አይደለም። እናንተ ጋ አጋዘን በቀስት ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፤ አትሞክሩት። የምናገረው አሜሪካ ላሉት ነው። ለእነሱም ቢሆን መጀመሪያ የአደን ትምህርቱን ጨርሱ፣ ፈቃድ አውጡ፣ የግዛታችሁን ደንብ አንብቡ። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ሚኒሶታ የጫፉ ስፋት ቢያንስ 7/8 ኢንች፣ ማለትም 22 ሚሊሜትር ገደማ እንዲሆን ይጠይቃሉ። ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው አብዛኛው ይህን ያሟላል፤ ከጋራዥ ሽያጭ የገዛችሁትን አሮጌ ግን ለኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጥይት በኃይሉ ይመታል፣ ያደቃል። ፍላጻ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ፍላጻ የሚያርድ ነገር ነው። እንስሳው የሚወድቀው ደሙ ስለፈሰሰና ሳንባው ስለተበሳ ነው። ስለዚህ ጫፉን ስትመርጡ እንደ ጥይት ሳይሆን እንደ ካራ አስቡት። እዚህ ሰፈሬ ያለው ሉካንዳ ሥጋ ቆራጩ አንድ ጭን ሳይጨርስ ካራውን ሁለት ሦስት ጊዜ ሞረድ ላይ ያሻሸዋል። ካራው ትልቅ ስለሆነ አይደለም የሚቆርጠው፣ ስለተሳለ ነው። የኛ ልጆች ግን ሱቅ ገብተው የሚያዩት ስፋቱን ብቻ ነው።

ሁለት ዓይነት አለ ማለት ይቻላል። አንዱ ምላጩ የማይንቀሳቀስ፣ ፊክስድ የሚሉት ነው። ሌላው ሜካኒካል፤ በአየር ላይ ምላጩ ተጣጥፎ ይሄድና ሲመታ ይከፈታል። ሜካኒካሉ ሲከፈት አንድ ኢንች ተኩል፣ ሁለት ኢንች፣ ከዚያም በላይ ይሰፋል። የሚከፍተው ቁስል ሰፊ ነው፣ ደሙ መንገድ ላይ እንደ ቀለም ይፈሳል፣ አበራረሩም ምላጭ ከሌለው የልምምድ ጫፍ ጋር ስለሚቀራረብ ለማነጣጠር ይቀላል። ይሄን አልክድም። ችግሩ ያ መከፈት በነጻ አይመጣም። ከፍላጻው ኃይል ይበላል። ሰፊ ምላጭ ሥጋና አጥንት ውስጥ ለማለፍ ደግሞ ሌላ ኃይል ይፈልጋል። ቀስታችሁ 60 ወይም 70 ፓውንድ ከሆነና ፍላጻችሁ ከባድ ከሆነ ይተርፋችኋል። 45 ፓውንድ ስባችሁ ሁለት ኢንች ጫፍ ስትልኩ ግን ፍላጻው ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። የእህቴን ልጅ የገጠመው ይሄ ነው። ፍላጻው ገባ፣ በሌላው ጎን ግን አልወጣም። ማማ ላይ ሆናችሁ ወደ ታች ስትወጉ የመግቢያው ቀዳዳ ከላይ ነው፤ ደሙ ደረቱ ውስጥ ይጠራቀማል እንጂ መሬት አይነካም። ዱካ የሚሰጣችሁ የታችኛው፣ የመውጫው ቀዳዳ ነው። ለዚህ ነው ዘልቆ መውጣት ከስፋት ይበልጣል የምለው።

ስለዚህ ጀማሪ ከሆናችሁ፣ ወይም ቀስታችሁ ከ50 ፓውንድ በታች ከሆነ፣ ፊክስድ ግዙ። ከጫፉ ጀምሮ ስለት የሆነውን፣ እንደነካ መቁረጥ የሚጀምረውን። ስፋቱ አንድ ኢንች ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይበቃል። ሚስቶቻችሁና እህቶቻችሁም አብረዋችሁ ከወጡ፣ ብዙዎቹ የሚስቡት 40 ፓውንድ አካባቢ ነው፤ ለእነሱ ባለ ሁለት ምላጩ ይሻላል፣ ከባለ ሦስቱ ያነሰ ጉልበት ይጠይቃልና።

ክብደቱ? 100 ግሬን ወይም 125 ግሬን። 100 ግሬን ስድስት ግራም ተኩል ገደማ ነው፣ ምንም አትጨናነቁበት። ዋናው የተለማመዳችሁበት ጫፍና የምታድኑበት ጫፍ ክብደታቸው አንድ ይሁን። በ100 ተለማምዶ በ125 የሚወጣ ሰው ፍላጻው ዝቅ ብሎ ሲሄድበት ቀስቱን ይሳደባል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር። ፊክስድ ጫፍ ፊት ለፊት ክንፍ እንዳለው ነገር ነው፤ ቀስታችሁ በደንብ ካልተስተካከለ ፍላጻውን ወደ ጎን ይጎትተዋል። እንግዲህ ወቅቱ ሳይከፈት በ20 ያርድ አንድ በልምምድ ጫፍ፣ አንድ በብሮድሄዱ ልቀቁ። አንድ ቦታ ካረፉ ጥሩ። ከተለያዩ ጥፋቱ የጫፉ አይደለም፣ ቀስቱን ወደሚያስተካክል ባለሙያ ውሰዱት። ፍላጻውንም ጫፉ ላይ አቁማችሁ አሽከርክሩት፤ ከተወላገደ አትጠቀሙበት። የተለማመዳችሁበትን ምላጭ ደግሞ ይዛችሁ ጫካ አትግቡ፣ ዒላማው አደንዝዞታል። ወይ ሳሉት ወይ ምላጩን ቀይሩት። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ቀጭን የላስቲክ ማሰሪያ ወጥራችሁ በቀስታ አስነኩት። ወዲያው ካልበጠሰው አልተሳለም። አዲስ ከማሸጊያ የወጣ ሁሉ የተሳለ ነው ብላችሁም አትመኑ።

ጫፉን በባዶ እጅ ደግሞ አትግጠሙት። እኔ ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ቸኩዬ በጣቴ ሳጠብቅ ሌባ ጣቴን እስከ አጥንቱ ከፈትኩት። ድንገተኛ ክፍል ሄጄ አራት ስፌት ሰፉኝ፤ የላኩልኝ ሂሳብ እዚህ አንድ ወይፈን ይገዛ ነበር። ማጥበቂያ መፍቻው ብዙ ጊዜ ማሸጊያው ውስጥ አለ፣ ተጠቀሙበት።

ምርጥ ጫፍ ይዛችሁም ቦታውን ከሳታችሁ ዋጋ የለውም። ጎኑን ሲሰጣችሁ ወይም ትንሽ ፊቱን ከእናንተ ወዲያ አዙሮ ሲቆም ብቻ፣ ከፊት እግሩ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ሳንባው ላይ። ፊት ለፊት ከቆመ ተዉት፣ ይዙር። ከመታችሁ በኋላ ደግሞ ከማማው ለመውረድ አትቸኩሉ። ሳንባ ነው ብላችሁ ብታምኑም ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ሆዱን ከሆነ ስምንት ሰዓት ወይም ከዚያም በላይ። ካሳደዳችሁት ይነሳና ይሄዳል። ለልጁም ያን ሌሊት ያልኩት ይሄንኑ ነው፤ አታሳድደው፣ ቀስ ብለህ ውረድ፣ ቦታውን ምልክት አድርግ፣ ቤትህ ሂድ። ጠዋት ከጓደኛው ጋር ተመልሰው ዱካውን እስከ ወንዙ ዳር ተከተሉት። እዚያ ጠፋ። አላገኙትም። ልጁ ሁለት ሳምንት ጫካ አልገባም፣ እኔም አልገፋፋሁትም።

በነገራችን ላይ አጋዘን የምንለው ለመግባባት ነው። አስር ሳንቲማችን ላይ ያለው የደጋ አጋዘን ከከብት ወገን ነው፣ ቀንዱ አይረግፍም። የነሱ በየዓመቱ ረግፎ እንደገና ይበቅላል። ያመሰኳል፣ ሰኮናውም ስንጥቅ ነው፤ እናቶች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይሄን ነው። በቢላዋ ሳይባረክ ስለሞተው ግን የየራሳችሁን አባት ጠይቁ፣ እኔ አልገባበትም።

ወንዱ ኮርማ ሴት ፍለጋ የሚቅበዘበዘውና በቀላሉ የሚገኘው በኅዳር መጀመሪያ አካባቢ ነው። ወዲያው ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። ሥጋውን ፍሪዘር ውስጥ ለገና አቆዩት። ክትፎ? አይሆንም። ጥሬም ለብ ለብም አይሆንም፣ የዱር ሥጋ ነው፤ በደንብ አብስሉት። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ሚኒሶታም አንጎል የሚጎዳው የአጋዘን በሽታ ተገኝቷል፤ ግዛቱ በሚያስመረምርበት አካባቢ ካደናችሁ ውጤቱን ሳታዩ አትብሉ። ከጀርባው ጥብስ፣ ከጭኑ ቋንጣ ያምራል።

እና ስትደውሉ ሰዓቱን አስቡልኝ። ቨርጂኒያ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን እኔ ጋ ከሌሊቱ አስራ አንድ ነው። ደም ከጠፋባችሁ ግን በማንኛውም ሰዓት ደውሉ።