ለ1 ዓመት ልጅ የጨርቅ አሻንጉሊት (መልስ)

እህቴ፣ ለ1 ዓመት ልጄ የጨርቅ አሻንጉሊት በእጅ መስፋት ይከብዳል ወይ ላልሽው፣ በፍጹም አይከብድም። ያረጀ የጥጥ አንሶላ ይበቃል። አዲስ አቡጀዲ ከሆነ ግን መጀመሪያ እጠቢው፣ ኋላ ይሰበሰባል። ጨርቁን ለሁለት አጥፈሽ ጭንቅላትና አካሉን አንድ ላይ ሳዪ፤ እጅና እግሩን አታቅጥኚው፣ መገልበጡ መከራ ነው። 1 ሴንቲሜትር አስተርፈሽ ቁረጪ። ከዚያ በጎኑ 5 ሴንቲሜትር ያህል ክፍት ትተሽ ዙሪያውን በጥቃቅን ስፌት ስፊና፣ አንገቱና ብብቱ ጋ ክሩን ሳትነኪ በመቀስ ትንሽ ትንሽ ሰንጠቅ አድርጊው፣ አለዚያ ሲገለበጥ ይጨማደዳል። ከዚያ በክፍቱ በኩል ገልብጪውና ውስጡን ጥጥ ሙዪው፤ አንገቱ ላይ በደንብ ጠቅጥቂው፣ ካልሆነ ጭንቅላቱ ይዘነበላል። ክፍቱን ደርበሽ ስፊ። ለዓይን ግን ቁልፍ እንዳታደርጊ አደራ! ልጅ ነቅሎ ወደ አፉ ነው የሚከተው፣ ያንቀዋል። ዓይኑንም አፉንም በክር ጥለፊው።