ጠመንጃ የሌለው የዳክዬ ጀልባ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወዳለው ወርክሾፔ ብቅ የምትሉት በዝታችኋል። ጥያቄያችሁ አንድ ነው፦ ዝዋይ ላይ ወፎችን ቀረብ ብሎ ፎቶ ለማንሳት አንድ ሰው የሚይዝ የፎም ጀልባ ቤት ውስጥ ይሠራል ወይ? ይሠራል። ዕድሜዬን የፈጀሁት በፋይበርግላስ ሥራ ነውና የማውቀውን ልንገራችሁ።

ነገሩ የአዳኞች ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የኒው ጀርሲ ዳክዬ አዳኞች ከውሃው ብዙም ከፍ የማይል፣ ሰው ተጋድሞ የሚደበቅበት የእንጨት ጀልባ ይሠሩ ነበር። ዛሬ ያንኑ በፎም የሚሠሩ አሉ። እኛ ዘንድ ዳክዬ ማን ይበላል? ያለ ፈቃድ ማደንም ያስጠይቃል። ክንፉ ላይ ሰማያዊ ያለበት ዝይ እንደሆነ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ጠመንጃውን ትታችሁ ካሜራ መያዛችሁ ደስ ብሎኛል። አሠራሩ ያው ነው።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «አይሰምጥም?» ብሎ ነው። ፎም አይሰምጥም። ዋናው ነገር ብቻችሁን ትሸከሙታላችሁ ወይ የሚለው ነው። እስቲ እናስላው። የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ዓይነት ነጭ ፎም፣ በሜትር ኩብ 20 ኪሎ የሚመዝነውን ያዙ። ወለሉን 2 ሜትር በ1 ሜትር፣ ውፍረቱን 5 ሳንቲ ሜትር ብታደርጉት 2 ኪሎ ብቻ ይመዝናል። ይህ ወለል 1 ሳንቲ ሜትር በጠለቀ ቁጥር 20 ሊትር ውሃ ይገፋል፤ 20 ኪሎ ቻለ ማለት ነው። እናንተ፣ ዕቃችሁና ጀልባው ተደምራችሁ 100 ኪሎ ብትሆኑ የምትጠልቁት 5 ሳንቲ ሜትር ነው።

ታዲያ በ2 ኪሎ የተጀመረው ጀልባ 40 ኪሎ የሚገባው እንዴት ነው? «ለማንኛውም» በሚባል በሽታ። ለማንኛውም አንድ ጣውላ፣ ለማንኛውም ሌላ ድርብ ጨርቅ፣ ለማንኛውም ሦስተኛ ቀለም። እያንዳንዱን ከመለጠፋችሁ በፊት ሚዛን ላይ አውጡትና ጻፉት። የጣና ታንኳ ሠሪዎች ደንገል የመረጡት ከባድ እንጨት አጥተው አይመስለኝም።

አሁን ወደ ማጣበቂያው። ለመኪና ባምፐር የምንጠቀምበትን ፖሊስተር ሬዚን ነጭ ፎም ላይ እንዳታስነኩ። ውስጡ ስታይሪን የሚባል ኬሚካል አለ፤ ፎሙን ያሟሟዋል። ቁራጭ ላይ አንድ ጠብታ ጣሉና እዩ። መጀመሪያ ትንሽ ያብለጨልጫል፤ ከዚያ ጠርዙ እየተሸበሸበ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ጥቂት ቆይቶ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ ይሆናል። ማስቲሽ፣ ቤንዚንና አብዛኛው ስፕሬይ ቀለምም እንዲሁ ናቸው። ኤፖክሲ የሚባለው ሌላው ሬዚን አይነካውም፤ ግን ዋጋው አይቀመስም። ኪስ ከሳሳ የውሃ ኮላና አቡጀዴ ይበቃል። ጨርቁን በኮላ አርሳችሁ ፎሙ ላይ ወጥሩት፤ በመዳፋችሁ አየሩን ከመሃል ወደ ጠርዝ ግፉት። በደንብ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱና በውሃ የሚቀጥን የውጭ ግድግዳ ቀለም ቀቡት። ቀለሙ የደረቀ ፊላ ይምሰል። ኮላው ራሱ ውሃ ብዙም ስለማይችል ጀልባውን ውሃ ላይ አታሳድሩት፤ የተላጠ ቀለም ካያችሁም ቶሎ ድፈኑ።

ፎሙን በካተር ቁረጡ። በጋለ ሽቦ የምትቆርጡ ከሆነ ደጅ ውጡ፤ ጭሱ መርዝ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩት ደግሞ ከሁሉ በፊት በሩንና የደረጃውን መታጠፊያ ለኩ። ሳሎን ተሠርቶ ሳሎን የሚቀር ጀልባ ለማንም አይጠቅም።

ወንበር እንዳታስገቡ። ወለሉ ላይ ቁጭ በሉ፤ ቀላል ጀልባ ሰው ከፍ ባለ ቁጥር ይገለበጣል። ላይፍ ጃኬት የግድ ነው፤ ዋና የምትችሉትም ብትሆኑ። ዝዋይም ጣናም ጉማሬ አለ፤ ስለዚህ የአካባቢውን ዓሣ አጥማጆች ሳትጠይቁ አትግቡ። ነፋስ ሲነሳ ውጡ፤ ፎም ቶሎ ይወሰዳል። ሙከራችሁን ገፈርሳ ለማድረግ የምታስቡ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ተዉት፣ የመጠጥ ውሃችን ነው። የምታውቁት ሰው የመዋኛ ገንዳ ካለው እሱን ለምኑ።

ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ስትጭኑት ገመዱ በሚያልፍበት ጠርዝ ሁሉ ወፍራም ካርቶን አጥፋችሁ አስገቡ። ያለዚያ ሞጆ ሳትደርሱ ገመዱ ፎሙን ይበላዋል። ረዳቱ «እኔ አስረዋለሁ» ቢላችሁም እሺ አትበሉ፤ ራሳችሁ እሰሩት።