«ሠረጸ» ወይስ «አቆጠቆጠ»?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የኬሚስትሪ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። ጥናቴን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በአማርኛ ልጽፍ ብዬ «ኤክሶሉሽን» ለሚለው ቃል አጣሁለት። ፔሮቭስካይት በሚባል ኦክሳይድ ክሪስታል ውስጥ ተዋህዶ የኖረ ኒኬል፣ ቁሱ በሃይድሮጂን ውስጥ ሲግል ወደ ላይ ወጥቶ ጥቃቅን ቅንጣት ይሆናል። «የብረት ናኖ ቅንጣቶች በገጹ ላይ ይሠርጻሉ» ብዬ ጻፍኩ። ያስኬዳል?

መልስ፦ «ሠረጸ»ን ከየት እንዳመጣኸው ገብቶኛል። በግእዝ በቀለ፣ ወጣ ማለት ነው። በጸሎተ ሃይማኖት ስለ መንፈስ ቅዱስ «ዘሠረጸ እምአብ» የሚባለው ከአብ የወጣ ለማለት ነው። በግእዝ ከሄድን እንግዲህ ልክ ነህ። የዛሬው አማርኛ ግን ቃሉን ገልብጦታል። «ትምህርቱ በልቡ ሰረጸ»፣ «ሰርጾ ገባ» ነው የምንለው፣ ወደ ውስጥ። ተማሪዎቹ ዓረፍተ ነገርህን ሲያነቡ ኒኬሉ ሲገባ ነው የሚታያቸው፤ አንተ የምትነግራቸው ደግሞ ስለ መውጣቱ ነው።

እኔ «ማቆጥቆጥ»ን እመርጣለሁ። የተቆረጠ ባህር ዛፍ ጉቶው ሲያቆጠቁጥ አይተሃል። ማንም አልተከለውም፤ ቡቃያው የወጣው ከራሱ ከጉቶው ነው። ኒኬሉም እንዲሁ ነው፦ ሃይድሮጂኑ ከክሪስታሉ ኦክስጅን ሲወስድበት፣ በኦክሳይዱ ውስጥ ታስሮ የነበረው ኒኬል ወደ ንጹሕ ኒኬልነት ተለውጦ ላዩ ላይ ይሰበሰባል፣ እግሩ ግን ገጹ ውስጥ እንደተተከለ ይቀራል። ይህ መተከሉ ትልቅ ነገር ነው። በተለመደው ዘዴ ኦክሳይዱን ውሃ ውስጥ በሟሟ የኒኬል ጨው ነክረው ያደርቁታል፣ ቅንጣቶቹም ዳቦ ላይ እንደተነሰነሰ ጥቁር አዝሙድ ከላይ ይቀመጣሉ። ያንን «መነስነስ» በለው፣ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። የተነሰነሰው ሙቀት ሲበዛበት ይንሸራተትና እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ካርቦን ካላቸው ጋዞች የሚመጣ ካርቦንም ከሥሩ አድጎ ፈንቅሎ ያነሳዋል። ያቆጠቆጠውን እንዲህ በቀላሉ አያነሳውም፤ በስኮትላንድ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በኒኬል ያሳዩት ይህንኑ ነው።

ደግሞ ጉቶ አንዴ ብቻ አይደለም የሚያቆጠቁጠው። እ.ኤ.አ. በ2002 የጃፓኑ መኪና አምራች የዳይሃትሱ ተመራማሪዎች ለመኪና ጭስ ማጽጃ የሚሆን፣ ፓላዲየም ያለበት ፔሮቭስካይት ይዘው መጥተው ነበር። ጭሱ ኦክስጅን ሲበዛበት ፓላዲየሙ ወደ ክሪስታሉ ይመለሳል፣ ሲያንስበት ተመልሶ ይወጣል፤ ስለዚህ ቅንጣቶቹ እየተጣበቁ አያረጁም። ለዚህ «አቆጠቆጠ»ን የሚያህል ቃል አላገኘሁም። «ጎነቆለ»ንም አስቤው ነበር፣ ጉንቁል የማያውቅ ልጅ የለምና። ግን ባቄላ አንዴ ከጎነቆለ ቡቃያውን መልሶ አይውጥም።

አንድ ነገር ልጨምር። «የብረት ናኖ ቅንጣት» አትበል። በአማርኛ «ብረት» ጥቅል ስምም ነው፣ የአንዱ ንጥረ ነገር ስምም ነው። ፔሮቭስካይት ውስጥ ደግሞ ያኛው ብረት ራሱ ብዙ ጊዜ ይኖራል፣ የዳይሃትሱውም ነበረው፤ አንባቢህ የትኛውን እንደምትል በምን ይለያል? ኒኬል ከሆነ ኒኬል በለው። ሁሉንም ለማለት ከሆነ «ብረታ ብረት» አለልህ። «ማዕድን» ግን ከመሬት የሚቆፈረው ነውና እዚህ አይገባም።

እንግዲህ እንዲህ ብትጽፈውስ፦ «ፔሮቭስካይቱ በሃይድሮጂን ውስጥ ሲግል፣ ከውስጡ የኒኬል ናኖ ቅንጣቶች ገጹ ላይ ያቆጠቁጣሉ።» መጀመሪያ ስትጠቅሰው «ኤክሶሉሽን»ንም አጠገቡ አስቀምጥላቸው፣ ነገ በሌላ መጽሐፍ ሲያገኙት እንዲያውቁት።