ወህኒ ቤት ገጣሚ አያደርግም

ግጥም የምትጽፉ ልጆቼ፣

ከ30 ዓመት በላይ የሰው ረቂቅ ሳርም ኖሬአለሁ። ወጣቶች ከግጥማቸው ጋር ደብዳቤ አያይዘው ይልኩልኛል፤ ብዙ ጊዜ ደብዳቤው ከግጥሙ ይረዝማል። ያዩትን መከራ ይዘረዝራል። ማየታቸውን አልጠራጠርም። የሚያሳዝነኝ መከራው ደብዳቤው ላይ መቅረቱ ነው፤ ግጥሙን ስገልጥ የማገኘው «እንባ» እና «ጨለማ» ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ሲደርሰኝ ኤተሪጅ ናይት ትዝ ይለኛል። በ1931 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሚሲሲፒ ግዛት የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ትምህርቱን አቋርጦ ወታደር ሆነ፤ የእኛ ቃኘው በተዋጋባት ኮሪያ ዘምቶ ቆሰለ፤ ከቁስሉም ጋር የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ተከተለው። በ1960 በዝርፊያ ተይዞ ከ10 እስከ 25 ዓመት ተፈረደበት፤ 8ቱን ዓመት በኢንዲያና ወህኒ ቤት አሳለፈ። በ1968 የመጀመሪያ መድበሉ የታተመው ገና እስረኛ ሳለ ነው።

ሰዎች ይህን ሲሰሙ «እስሩ ገጣሚ አደረገው» ይላሉ። እኔ አልቀበለውም። በዚያው ግቢ ስንቱ ገብቶ ወጣ፤ ስንቱስ ገጣሚ ሆነ? ናይት ከመታሰሩ በፊት በየመጠጥ ቤቱ «ቶስት» የሚባለውን ረጅም የቃል ግጥም ሲሰማና ሲያወርድ የኖረ ሰው ነበር። ጆሮው የተሳለው እዚያ ነው። ኋላም ሰው አገኘ፤ ስመ ጥሯ ገጣሚ ግዌንዶሊን ብሩክስ እስር ቤት ድረስ ሄዳ ጠየቀችው፤ የዲትሮይቱ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ደድሊ ራንዳል ባቋቋማት ትንሽ አሳታሚ ድርጅት መጽሐፉን አወጣለት። እናንተም ግጥማችሁን የሚያደንቅላችሁን ጓደኛ ትታችሁ ቃል የሚሰርዝባችሁን ሰው ፈልጉ። ይከብዳል፤ እኔም ስንት ጊዜ አኩርፌአለሁ።

ናይት ራሱ ግጥም ከሞት እንደመለሰው ተናግሯል። አምነዋለሁ። ሱሱ ግን ከእስር ከወጣ በኋላም አለቀቀውም፤ ትዳሩንም ጎድቶበታል። ስለዚህ ግጥም መድኃኒት ነው ብዬ አልሸጥላችሁም።

እስር ቤት ሆኖ ስለ ዘመዶቹ በጻፈው ግጥም ውስጥ፣ በክፍሉ ግድግዳ ላይ 47 ፎቶግራፎች ተለጥፈዋል። ቁጥሩን ልብ በሉ። ናፍቆት በዛብኝ አላለም፤ ቆጠራቸው። ስሙን የሚጋራው አንድ አጎት አለ፤ በ15 ዓመቱ ከቤት ወጥቶ እንደጠፋ ቀርቷል። የ93 ዓመቷ አያት የሁሉንም የልደትና የሞት ቀን የተጻፈበትን የቤተሰቡን መጽሐፍ ቅዱስ ትጠብቃለች፤ ያለበት የማይታወቅ ሰው ግን በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ቦታ የለውም።

ያንን ያነበብኩ ጊዜ ሄዶ ስላልተመለሰ ወንድሜ የጻፍኩት ግጥም መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። የእኛንም ልደት እናታችን በዳዊቷ ሽፋን ውስጥ አጽፋ ነበርና አያቲቱን ያወቅኋት መሰለኝ። ግጥሜን አውጥቼ ሳየው «ጨለማ» አራት ቦታ ገብቷል። ቀደድኩት። እንደገና ስጀምር መጀመሪያ የጻፍኩት የጫማውን ቁጥር ነበር።