ስለ ፋሃካ ፓፈር ለጠየቃችሁኝ

በመስታወት ገንዳ ስለማሳድገው ፋሃካ ፓፈር (ሲፈራ የሚነፋ ዓሣ ነው) ጥያቄዎቻችሁ ስለበዙ ሰብስቤ ልመልስ። የቀረ ካለ ጨምሩ።

ጥያቄ፦ እኛም አገር አለ የሚባለው እውነት ነው?
መልስ፦ አዎ። የአባይ ተፋሰስና የቱርካና ሐይቅ ዓሣ ነው፤ እኛ ጋ በባሮና በኦሞ በኩል ይገኛል። የጨው ውሃ ዓሣ አይደለምና ጨው አትጨምሩበት።

ጥያቄ፦ ጣት የሚያክል አገኘሁ፤ 100 ሊትር ገንዳ አይበቃውም?
መልስ፦ ለጊዜው ይበቃዋል። ሲያድግ ግን 40 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ 500 ሊትር ገደማ ካላዘጋጀህ ባትገዛው ይሻላል። ከጥልቀቱ ይልቅ ስፋቱን እይ፤ አሸዋም አድርግለት፣ መቀበር ይወዳል።

ጥያቄ፦ ከሌላ ዓሣ ጋር ይኖራል?
መልስ፦ አይኖርም። ዛሬ ያልነካውን ነገ ክንፉን ዘንጥሎ ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ የቆሮሶ ዓሣ ሥጋ ነው የምሰጠው። አሁን ጥርሱ ረዝሞ መብላት አቃተው፤ ምን ይሻለኛል?
መልስ፦ ችግሩ ከምግቡ ነው፣ ወንድሜ። አራቱ ጥርሶቹ እንደ ምንቃር ሆነው ዕድሜ ልኩን ያድጋሉ፤ የሚሞርዳቸው ጠንካራ ቅርፊት ብቻ ነው። ቀንድ አውጣ፣ ሸርጣን፣ ሽሪምፕ ከነልባሱ ስጠው። ቀንድ አውጣ ስትጥልለት አንዱ ዓይኑ እሱን፣ ሌላው አንተን ያያል፤ ቀስ ብሎ ይጠጋና ሲነክሰው ቅርፊቱ ሲሰበር ከመስታወቱ ውጭ ይሰማል። (እኔ ለዚህች ድምፅ ስል ነው የማሳድገው።) ሽሪምፕ ብቻም አይሁን፤ ቫይታሚን ቢ1 የሚያጠፋ ነገር አለው። የረዘመው ጥርስ በቅርንፉድ ዘይት አደንዝዘው ይቆረጣል፤ መጠኑ ትንሽ ከበዛ ግን ይገድለዋል፣ ልምድ ያለው ሰው ከሌለ አትሞክረው።

ጥያቄ፦ ቀንድ አውጣውን ከሐይቅ ብለቅመውስ?
መልስ፦ ተው! ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት የሐይቅ ቀንድ አውጣዎች ናቸው፤ እጅህን ውሃው ውስጥ ስትነክር በቆዳህ ይገባል። ጥቂት ንጹሕ ዘር ከሌላ አሳዳጊ ወስደህ በባልዲ በሰላጣ ቅጠል አራባ።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋስ?
መልስ፦ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ግዙ፣ እስኪመጣም አታብሉት። ማጣሪያው ለረጅም ሰዓት ከቆመ ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ሳታለቀልቁ አታስነሱት፤ ውስጡ የተበላሸው ሁሉ ዓሣው ላይ ይደፋል። በቧንቧ ውሃ እንዳታጥቡት፣ ክሎሪኑ ጠቃሚውን ባክቴሪያ ይገድላል።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ሲነፋ ማየት ይፈልጋሉ፤ ብነካካው ችግር አለው?
መልስ፦ አለው፣ እህቴ። የሚነፋው ሲፈራ ነው። ከውሃ ውጭ ከሆነ ደግሞ አየር ይውጣል፣ ያንን ማስወጣት ይከብደዋል። ስለዚህ ሲዛወር በመረብ ሳይሆን ከነውሃው በዕቃ ይቀዳ። ልጆቹንም አደራ፣ ጣታቸውን እንዳያስገቡ፤ ቀንድ አውጣ የሚሰብር አፍ ነው። እኔ ራሴ የማበላው በረጅም መቆንጠጫ ነው።

ጥያቄ፦ ዓሣው ለሰው ምግብ ይሆናል?
መልስ፦ አይሆንም። የፓፈር መርዝ በማብሰል አይጠፋም።