ጥያቄና መልስ፦ የድሮ ቴሌቪዥን ተሳዳቢዎች ዛሬ ሲታዩ

(በዚህ ዓምድ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጥያቄ፦ ከ12 እና ከ15 ዓመት ልጆቼ ጋር «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» የተባለውን የአሜሪካ ኮሜዲ ማየት ጀምረን ነበር። ዋናው ገጸ ባሕርይ አርቺ ባንከር ጥቁሩን፣ አይሁዱን፣ ፖርቶ ሪኳዊውን ሳይመርጥ ይሰድባል፤ ታዳሚው ይስቃል። ትልቋ «እኛንም እኮ ነው የሚሰድበው» ብላ ተነሥታ ሄደች። ማየቱን እንተወው?
እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ አይተዉት፤ አመራረጥዎን ግን ያስተካክሉ። ልጅዎ ያለችው እውነት ነው፣ «ቀልድ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ፕሮግራሙን ያሳየው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድርጅት ሲቢኤስ ራሱ ጃንዋሪ 12 ቀን 1971 የመጀመሪያውን ክፍል ሲያስተላልፍ፣ ፕሮግራሙ ድክመታችንንና ጭፍን ጥላቻችንን በሳቅ ሊያሳይ የመጣ መሆኑን የሚገልጽ ማሳሰቢያ አስቀድሞ ነበር። ስድቡ እንደሚያስቆጣ ያኔም ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ስታዩ አርቺ ተናግሮ ሲጨርስ ቀጥሎ ማን እንደሚናገር ልብ በሉ። ሚስቱ ኢዲት በየዋህነት ታፈርስበታለች፣ የልጁ ባል ማይክ ይሟገተዋል። ከሁሉም የሚበልጠው የጎረቤቱ ልጅ፣ ጥቁሩ ላይነል ጄፈርሰን ነው፤ አሽሙሩን በጨዋ ቃል ጠቅልሎ ያቀርባል፣ አርቺም ሳይገባው ያልፋል። በ1972 ከታየውና ዘፋኙ ሳሚ ዴቪስ ጁኒየር አርቺ ቤት ከሚመጣበት ክፍል ብትጀምሩ ጥሩ ነው። ፎቶ ሲነሡ ሳሚ ድንገት ጉንጩን ይስመዋል፤ እዚያ ላይ የሚሳቀው በአርቺ የፊት ገጽታ ነው።

የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። ወደ 25 ደቂቃ የሚሆነው ክፍል ተቆራርጦ በስልክ ሲዞር ስድቡ ይቀራል፣ መልሱ ይጠፋል። ስለዚህ ሙሉውን እንጂ ቅንጭቡን አታሳዩአቸው። ሁለተኛውና የሚከብደው ተመልካቹ ራሱ ነው። ቪድማርና ሮኪች የተባሉ ተመራማሪዎች በ1974 ባሳተሙት ጥናት፣ ጭፍን ጥላቻ ያየለባቸው ተመልካቾች ፕሮግራሙን ከሌሎቹ ይልቅ አዘውትረው እንደሚያዩና በክርክሩ አርቺ እንደሚረታ አድርገው እንደሚያስቡ አሳይተዋል። አሽሙር ሁሉንም ያስተምራል የሚለውን ወግ የማንቀበለው ለዚህ ነው።

ልጆች ደግሞ የያኔውን ፕሬዚዳንት ኒክሰንንና የቬትናምን ጦርነት ካላወቁ የአርቺ ክርክር ውሃ እንደማይቋጥር አይታያቸውም፤ ጆሯቸው የሚይዘው ስድቡን ብቻ ነው። ከመክፈትዎ በፊት ሁለት ደቂቃ ያስረዷቸው። መሀል ላይ እያቆሙ ማስተማር ግን ሳቁንም ትምህርቱንም ይገድለዋል።

ጥያቄ፦ «በዘመኑ ነውር አልነበረም» ሲባል እሰማለሁ። «ሲምፕሰንስ» በተባለው የአሜሪካ ካርቱን ያለው ሕንዳዊው ባለሱቅ አፑስ? ታታሪ፣ ደግ ሰው ነው፤ ምን አስነቀፈው?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በዘመኑም ነውር ነበር። ጥቁሮችን የሚያሳየው ኮሜዲ «ኤሞስ ኤንድ አንዲ» በ1951 በቴሌቪዥን እንደጀመረ ኤንኤኤሲፒ የተባለው የጥቁሮች መብት ድርጅት ተቃውሞት ነበር፤ ሲቢኤስ ግን ለጣቢያዎች መሸጡን ያቆመው በ1966 ነው። ሰሚ ጠፍቶ እንጂ ተናጋሪስ ነበር።

አፑን ያስነቀፈው ብቻውን መሆኑ ነው። ከ1990 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ በአሜሪካ ቴሌቪዥን በሰፊው የሚታወቅ ሕንዳዊ ከእሱ ሌላ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ድምፁ ደግሞ የነጩ ተዋናይ የሀንክ አዛሪያ ነበር። ኮሜዲያኑ ሀሪ ኮንዳቦሉ በ2017 ባወጣው ዘጋቢ ፊልም፣ ከደቡብ እስያ ቤተሰብ የተወለዱ ልጆች በዚያ አነጋገር እየተቀለደባቸው እንዳደጉ አሳየ። አዛሪያ በ2020 ሚናውን ተወ።

መፈተኛው ቀላል ነው፤ ንግግሩን ያለ ቅላፄው ወረቀት ላይ ይጻፉት። ካላሳቀ፣ ሲሳቅ የነበረው በሰውየው አንደበት ነው። የእኛንም የድሮ ቀልዶች፣ ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ አማርኛዋ ሲሰበር የሚሳቅባቸውን፣ በዚሁ ይመዝኗቸው። ብዙዎቹ አይተርፉም።

ጥያቄ፦ ኮሜዲ ወደ አማርኛ መመለስ እየተለማመድኩ ነው። የአርቺን ስድብ ላለዝበው?
ተርጓሚ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ መጀመሪያ የቤቱን ስድብ ከዘር ስድቡ ይለዩ። ኢዲትን «ዲንግባት»፣ ማይክን «ሚትሄድ» ሲላቸው በ«ጅሊት» እና በ«ድንጋይ ራስ» ይሄዳል፤ ማለዘብ አያስፈልገውም። የዘር ስድቡን ግን በአገራችን ብሔረሰብ ስም አይተኩት። ዱላው እዚያ ወደሌለ ሰው ይዞራል፣ ተሳዳቢውም አርቺ መሆኑ ቀርቶ እርስዎ ይሆናሉ። የሚሰደበው ወገን እንዳለ ይቆይና ንቀቱን «እነዚያ» በሚል አነጋገር ያሳዩት።

አርቺ ቃል ያጣምማል፤ ግማሹ ሳቅ ያለው እዚያ ነው። ቃል በቃል ከመለሱት ይሞታል። በአማርኛ የሚጣመም ቃል ይፈልጉለት፦ ኢንፍሌሽን (የዋጋ ንረት) ለማለት «በዚህ ኢንፌክሽን ምክንያት ሥጋ ተወደደ» ቢል ማንም ይገባዋል።

አዲስ ተርጓሚ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በአንተና በእርስዎ ነው። ኢዲት ባሏን «እርስዎ» ካለችው አገልጋዩ ትመስላለች፣ ያ የዋህ ድፍረቷ ይጠፋል፤ «አንተ» ትበለው። ማይክ በደህናው ጊዜ «እርስዎ» ይበልና ጠቡ ሲግል ወደ «አንተ» ይውረድ፤ አማቱን «አንተ» ማለቱ ለእኛ ጆሮ ከስድብ በላይ ነው። ላይነል ግን በእንግሊዝኛውም «ሚስተር ባንከር» ስለሚል፣ ምንም ቢመጣ ከ«እርስዎ» አያውርዱት። አሽሙሩ የተቀመጠው እዚያ ክብር ውስጥ ነው።