ከመምታትህ በፊት ጎንበስ ብለህ እይ

ሰሞኑን አንድ ፑል የሚጫወት ወጣት ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ ነጯ ኳስ 8 ቁጥር አጠገብ ነበረች። ፊት ለፊት መታኋት። 8 ቁጥር ገባች፣ ነጯም ተከትላት ሄደች። ጓደኛዬ ፋውል ነው አለ፣ እኔ ንጹህ ነው አልኩ። ማናችን ነን ትክክል?» ይላል።

አንብቤው ስልኩን አስቀመጥኩ። መልሱን ግን ቶሎ መጻፍ አልቻልኩም።

ፑል መዳኘት በጀመርኩበት ሰሞን የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ተሰጠኝ። ሁለቱ ተጫዋቾች እኩል ነበሩ፣ የቀረው የመጨረሻው ዙር ብቻ ነው። አንደኛው ዝምተኛ ልጅ ነበር። ሲመታ እንኳ ድምፁ አይሰማም። ጠረጴዛው ላይ የቀሩት ነጯና 8 ቁጥር ናቸው፣ ተጠጋግተው፣ ነጯ ከኋላ ሆና፣ ወደ ቀዳዳው ያያሉ። ልጁ ጎንበስ አለ። በአንድ በኩል አየ፣ ዞሮ በሌላው በኩል አየ። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ሄጄ አላየሁም። እርምጃው ከሦስት አይበልጥም ነበር።

መታ። 8 ቁጥር ገባች። ነጯም ከኋላዋ ወደፊት ሄደች። ተመልካቹ «ፋውል!» ብሎ ጮኸ። እኔም እጄን አነሳሁ።

8 ቁጥርን እያስገባህ ፋውል ከሠራህ ዙሩን ትሸነፋለህ። በቃ፣ አለቀ ማለት ነው። ልጁ ቀስ ብሎ «ተነካክተው ነበር እኮ» አለኝ። «ዳኛው እኔ ነኝ» አልኩት። ሌላ ቃል አልተናገረም። ስቲኩን ፈታቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

ውጤቱን ስጽፍ አሸናፊው መጣና ጆሮዬ ሥር «እውነቱን ነው፣ ተነካክተው ነበር፣ አይቻለሁ» አለኝ። ወረቀቱ ገና እጄ ላይ ነበር። መሰረዝ እችል ነበር። አፈርኩ፣ ፈረምኩ፣ አስረከብኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እጄን ማንሳቴ አይደለም። መፈረሜ ነው።

መነካካታቸው ለምን ለውጥ ያመጣል? ኳሶቹ እኩል ይመዝናሉ። ነጯ ሌላዋን ፊት ለፊት ስትመታ ፍጥነቷን ትሰጣትና እሷ ቀጥ ትላለች። ወደፊት የሚያሽከረክር ምት ከሆነ ለአፍታ ቆማ ከዚያ ትከተላለች። በመካከላቸው ቀጭን ክፍተት ካለና ነጯ ምንም ሳትቆም ከሌላዋ ጋር ተያይዛ ከፈተለከች፣ የስቲኩ ጫፍ ሁለት ጊዜ ነክቷታል። ይህ ፋውል ነው። ክፍተቱ የስቲኩን ጫፍ ከምንቀባበት ከአንድ ጠመኔ ወርድ ካነሰ ደግሞ ስቲኩን አጋድመህ ፊት ለፊት መትተህ ከድርብ ምት ማምለጥ እጅግ ከባድ ነው። የስቲኩን ኋላ ከፍ አድርገህ ወይም ኳሷን በጎኗ ጨርፈህ ትወጣዋለህ።

ቀድመው ከተነካኩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዓለም አቀፉ የፑል ሕግ ወደ ተነካችው ኳስ መምታት ይፈቀዳል። ስቲኩን ለጥፈህ እስካልገፋህ ድረስ ሁለቱ አብረው ወደፊት ቢሄዱ ጥፋት የለም። ለዓይን ግን ልክ ድርብ ምት ይመስላል። እኔን ያሳሳተኝ ይኸው ነው። ሌላም ነገር ነበረብኝ፣ ጨዋታውን የተማርኩት በስኑከር ነው፣ ፑልን በሚመስለው ሌላ የጠረጴዛ ጨዋታ። እዚያ ነጯ ከሌላ ኳስ ጋር ከተነካካች የተነካችውን ሳታንቀሳቅስ ነጯን አርቀህ ነው የምትመታው። ያስተማረኝ ሰው በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም፣ የተነካችው ኳስ ትንሽ ከተነቃነቀች ስቲኩን ከእጄ ይነጥቀኝ ነበር። እጁ ሁሌ የጠመኔ ብናኝ ነበረበት። እና ያ ልጅ ሲመታ የታየኝ የአስተማሪዬ ቁጣ ሳይሆን አይቀርም።

ስቲክ አያያዝና አቋቋም ላይ ምክር አልሰጥም፣ እሱን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ልጆች አንድ ነገራቸው ግን አይመቸኝም። ሳያዩ ይመቱና ሲጣሉ የስልክ ቪዲዮ ያወጣሉ። የስቲኩ ጫፍና የኳሷ ንክኪ አንድ ሺህኛ ሰከንድ ገደማ ነው። በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሳ ስልክ በአንዱና በሚቀጥለው ምስል መካከል አራት ሺህኛ ሰከንድ ያመልጠዋል። ስለዚህ ንክኪውን ፈልጋችሁ አታገኙትም፣ የነጯን አካሄድ ነው ማየት ያለባችሁ። ግን ልዋሽ አልፈልግም። ያን ምሽት አንድ ሰው ከመምታቱ በፊት ፎቶ አንስቶ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ለፍጻሜ ያልፍ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኳሶች ሲጠጋጉ ጨዋታውን አስቆማለሁ። በሁለት በኩል አይቼ «ተነካክተዋል» ወይም «አልተነካኩም» እላለሁ፣ ጮክ ብዬ። ዳኛ ከሌላችሁ ከምቱ በፊት ሦስተኛ ሰው ጠርታችሁ አሳዩ።

አንተ የጻፍክልኝ ልጅ፣ ነጯ ተከትላት ሄደች ብለሃል። ሁሉንም ነገርከኝ፣ ከአንዱ በቀር። ከመምታትህ በፊት በመካከላቸው ብርሃን ይታይ ነበር ወይስ አይታይም? አንተም ጓደኛህም የምታስታውሱትን ጻፉልኝ። እሱን ሳልሰማ በማናችሁም ላይ አልፈርድም።